የባዶ ማሳዎች ሠዓሊ

የሚስተር ቶርንቢን መሞት የሚነግረኝ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ምሳ ቀርቦልኝ ነበር። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ከዚያ ምሳዬን በላሁ። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ከወትሮው አብልጬ ነው የበላሁት። «ነፍስ ይማር» የሚለው ቃል እስከ ከንፈሬ መጥቶ ተመለሰ።

ደብዳቤውን የጻፈችው የወንድሙ ልጅ ናት። ከአሮጌ ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ስሜንና አስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት አግኝታ በዚያ አድራሻ ላከችው። ትምህርት ቤቱም ጡረታ ከወጣሁ ይህን ያህል ዘመን ቆይቼ እንኳ አፈላልጎ አደረሰልኝ። ዘጠና ሦስት ዓመት ኖሮ በእንቅልፉ ሞተ ትላለች። በእንቅልፉ! ሞት እንኳ ለእሱ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። አብሮም ከአገሩ ጋዜጣ የተቆረጠ ወረቀት ነበረበት። «የባዶ ማሳዎች ሠዓሊ» ይለዋል። ኢትዮጵያ በኖረበት የመጨረሻ ዓመት የሣላቸው፣ ሰው የሚባል የሌለባቸው የእርሻ ሥዕሎች ስሙን እንዳስጠሩት ይተርካል። ያ ባዶነት ከየት እንደ መጣበት ግን አዋቂዎቹ ሁሉ እንደየመሰላቸው ይናገራሉ።

እኔ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። እነዚያን ማሳዎች ባዶ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ወያላው «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ የሚጮህበት መንገድ ያኔ የከብት መሄጃ ነበር። ከኮልፌ ገበያ አልፎ ወደ ቀራንዮ ሲወጣ ባቄላ፣ ገብስና ጤፍ ነው። ሚስተር ቶርንቢ ወደዚያ የመጣው በከተማው አንድ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምርበት ውል ሲያልቅ ነው። ሌላው ፈረንጅ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ፣ እሱ እኛ ሰፈር ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ተከራየ። አባቱ በአገሩ የሰው እርሻ በፈረስ የሚያርስ ቅጥር ገበሬ ነበር። እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሥለው ያንኑ ነበር፤ የሚያርስ ፈረስ፣ ጭድ የሚከምር ሰው፣ ደመና። ኋላ ትራክተር መጣና ፈረሶቹ ተሸጡ።

«የምሥለውን ማሽን በላብኝ» ይል ነበር። «እዚህ ገና አልበላውም።»

ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ጭቃ የማይፈራ ሰው ነበር። ብሩሹን የሚጠርገው ሱሪው ላይ ስለሆነ በቀኝ ጭኑ ላይ የሰፈራችን አፈር በየዓይነቱ ነበረበት፤ ዋልካው፣ ቀዩ፣ ከወንዙ ዳር ያለው ግራጫው። ለምሳ የተቀቀለ ድንችና ጨው ይዞ ይወጣል። ሲሥል ለራሱ ያንጎራጉራል፤ ነገሩ ሲበላሽበት ብቻ ዝም ይላል። እኔ ከሰዓት በኋላ አስተምር ስለነበር ጠዋት ጠዋት አስተርጓሚው ነበርኩ። እሱ እንግሊዝኛዬን ያቀናልኛል፣ እኔ ፊደል አስቆጥረዋለሁ። «ረ»ን እስከ መጨረሻው ገልብጦ እንደ ጻፋት ቀረ።

አንድ ግትርነት ነበረበት። የሚሥለውን ነገር ፊት ለፊቱ ቆሞ ካላየው ብሩሽ አያነሳም። አንዲት ላም ግማሽ ድረስ ሥሎ ባለቤቷ ወደ ሌላ ግጦሽ ቢወስዳት፣ እስክትመለስ ሦስት ቀን እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጠብቋታል። ሌላ ጊዜ ባሕር ዛፍ ጀምሮ ሳይጨርስ ባለቤቱ ቆረጠው። እሱም የጀመረውን ፍቆ ጉቶውን ሣለ። «ምን አለ ከሐሳብህ ብትጨምርበት?» ስለው በዚያ በሚያስቅ አማርኛው «ያየሁትን ብቻ» ይለኛል። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ስሙን «ያየሁትን ብቻ» አሉት። እኔም ያኔ ይህን እንደ ትልቅ እውነተኛነት ቆጥሬ አደንቀው ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ወንድሜ ደምሴ በዐሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት አሳድጎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ማሳው ከወንዙ በላይ ነው፤ ቡሬና ወይኖ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩት። ሚስተር ቶርንቢ ደምሴ ሲያርስ ያየ ዕለት ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ለመሣል አልፈለገም። ደምሴም ሰውየውን ወደደው። ሚስቱ ሁለት ቀን አምጣ አልሆንላት ሲል፣ በዚያ ጭቃ በላንድሮቨሩ ሐኪም ቤት አድርሶ ልጅም እናትም ያተረፈው ይኸው እንግሊዝ ነው። ወንድሜ ደግሞ ውለታ የሚከብደው ሰው ነበር።

ሐምሌ ላይ ትልቁን ሥዕል ጀመረ። ደምሴ የጤፉን መሬት ለመጨረሻ ጊዜ ሲገለብጥ፣ ከኋላው ኮረብታውና ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከላይ ያ የክረምት ሰማይ። የቀረው የአንድ ጠዋት ሥራ ሲሆን ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠራ። ያ ቀን ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር፤ የገብርኤል ዓመታዊ በዓል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ ሰፈር በገብርኤል ማንም ሞፈር አያነሳም። ቀን የሻረ ሰው በረዶ ያመጣል፤ በረዶው ደግሞ የሻረውን ሰው ማሳ ብቻ መርጦ አይመታም። ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ሙስሊም ሆነው እንኳ በገብርኤል በሬዎቻቸውን አይጠምዱም ነበር። «የጎረቤቴ በረዶ የእኔም በረዶ ነው» ይላሉ።

ደምሴ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ሲል ሚስተር ቶርንቢ ሸራውን ተሸክሞ በራችን ላይ ቆመ።

«ዛሬ!» አለኝ ሰማዩን እያሳየ። «አንድ ሰዓት ብቻ። ነገ ሊዘንብ ይችላል፣ ከነገ ወዲያ ይዘራዋል። ለምንልኝ።»

«ዛሬ አይታረስም። ገብርኤል ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ብቻ።»

ደምሴ «ምን ይላል?» አለ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ የሰውየውን ፊት አይቶ ሳቁን ተወ። ምጥ የያዛትን ሚስቱን ተሸክሞ ወደ መኪናው የሮጠውን ሰው ፊት ነው ያየው።

«አንተስ ምን ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። ማን ያይሃል?» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አልክድም። ቢሆንም ለማኝና ልመና አመላላሽ እኩል አይጠየቁም ብዬ ስንት ዓመት ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ። ደምሴ ነጩን አውልቆ በሬዎቹን ጠመደ። ካረሰ በኋላ እጁን ታጥቦ፣ ነጩን መልሶ ለብሶ፣ ታቦቱ ሳይገባ ደረሰ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ከወንዙ እስከ ኮረብታው ያበበ ባቄላ ሁሉ እንደ ተወቀጠ ጎመን ሆነ፤ ገብሱ ከሥሩ ተኛ። ሰዉ በየማሳው ዳር ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቀን የሻረው ማነው? ወንድሜ ከእነሱ ጋር ቆሞ ዝም አለ። ማታ እህል አልቀምስም ብሎ አደረ።

ሚስተር ቶርንቢ በየዓመቱ መስከረም ላይ የሣላቸውን ሥዕሎች አጥሩ ላይ ደርድሮ ሰፈርተኛውን ይጠራ ነበር። «የተሣለው ሰው ከሁሉ በፊት ይይ» የሚል ደንብ ነበረው። በዋዜማው ትልቁን ሥዕል አየሁት። ደምሴ ያርሳል፤ ከኋላው በሩቁ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ አራት ነጠብጣቦች አሉ። ቀይ፣ ወርቃማ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ታቦት አጅበው የሚዞሩት ጥላዎች ነበሩ።

«እነዚህን አጥፋቸው» አልኩት።

«ነበሩ እኮ።»

«መኖራቸውን አውቃለሁ! ታቦት የሚወጣው በበዓል ነው። ይህን ያየ ሰው ወንድሜ በገብርኤል እንዳረሰ ያውቃል። በረዶውን በእሱ ላይ ይጥሉታል። አራት ጠብታ ቀለም ነው፣ አጥፋልኝ!»

ብሩሹን ሱሪው ላይ ጠረገ። «የነበረውን ማጥፋት አልችልም» አለ። «ጥሩ ሰዎች ናቸው። ከጠየቁ እኔ ለመንኩት እላቸዋለሁ።»

«ካልሆነ ይህን አታሳይ።»

«የመጀመሪያው ተመልካች ወንድምህ መሆን አለበት። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።»

በማግስቱ ሰው ተሰበሰበ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ «ቡሬን እዩት!» «ውይ፣ ደምሴ ራሱ!» ይባባላሉ። የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ይርጉ ግን በከዘራቸው ተደግፈው ወደ ሸራው ጎንበስ አሉና ብዙ ቆዩ።

«ይኼ በሞፈሩ ላይ ያለው ደምሴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ ደግሞ ታቦት ነው። ሁለቱ ባንድ ቀን ምን ያገናኛቸዋል?»

ወደ ሚስተር ቶርንቢ ዞሬ በእንግሊዝኛ «አሁን! አሁን ንገራቸው!» አልኩት። አፉን ከፈተ። ባላምባራስ አዩት፣ ሰዉ ሁሉ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከዚያ አፉን ዘጋ። ያ በሰው አገር ብቻውን የሚኖር ሰው ፈራ። ያየውን ሁሉ ሊሥል የሚደፍር፣ ያደረገውን ሊናገር አልደፈረም።

«እኔ ነኝ ያረስኩት» አለ ደምሴ። «ማንም አላዘዘኝም።»

እንግዳውንም ወንድሙንም በአንድ ቃል ሸፈነ። እኔም «ማን ያይሃል ያልኩት እኔ ነኝ» ማለት ስችል ዝም አልኩ። ስለዚያ ዝምታዬ ማንም አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ እድሩ አስወጣው። እሳት የሚሰጠው፣ ደቦ የሚወጣለት፣ እግዜር ይስጥልኝ የሚለው ጠፋ። ሚስቱ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ደምሴ ሽማግሌ ልኮ አያውቅም፤ «ባቄላቸውን አስፈጅቻለሁ፣ እውነታቸውን ነው» ይል ነበር። በግንቦት በደረት በሽታ ሞተ። ድንኳን ተከለከለ፣ ጡሩምባ አልተነፋም። ቄሱ ፍትሐት አደረሱ፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ጋሽ ከድርና ሁለት ወንድሞቻቸው ናቸው። አንድ ሰፈር ሙሉ ክርስቲያን እያለ ወንድሜን ሦስት ሙስሊሞችና አንድ ፈሪ ቀበርነው። ፈሪው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ሚስተር ቶርንቢ ለቅሶ መጣ። ያካፋ ነበር። ትልቁን ሸራ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ በጠባቡ በራችን ገባ። ጋሽ ከድር መዝጊያው አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ ሸራውን ሳይ የደምሴን ፊት ከዚያ ሰው እጅ ላለማየት ዞርኩ።

«ይሄ ያንተ ነው» አለኝ በአማርኛ። «እባክህ እይ። እይ።»

«ውጣ» አልኩት።

«እይ እባክህ።»

«ውጣልኝ! ዓይንህን ሁለተኛ ከዚህ ቤት እንዳላየው!»

ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሲወጣ ኮቴውን ሰማሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሱ ሆነ። ድንጋይ አልወረወርኩም፣ ለመንግሥት አልከሰስኩም። ጠዋት ጠዋት ከቤት ቤት፣ ከማሳ ማሳ ዞርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምናገረው፤ «ደምሴን የሣለው እሱ ነው።» ሐሰት የለበትም። ሰዉም የቀረውን ራሱ ጨመረበት። ይህ ሰው የሣለው ሰው አይበረክትም፣ ዓይኑ ያረፈበት ማሳ በረዶ ይጠራል ተባለ። እኔም «ኧረ እንዲያ አይደለም» አላልኩም።

ሚስተር ቶርንቢ በርጩማውን ባኖረ ቁጥር አራሹ ቀንበሩን ጥሎ ይሄዳል። አራሚዎቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ይበተናሉ። ወደ ሳንሱሲ በኩል ሄዶ ሞከረ፤ እኔ አንድ ቀን ቀድሜው ደርሼ ነበር። እንደ ላሚቱ ጊዜ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ተቀምጦ ይጠብቃል። ማንም አይመለስም። የሚሥለው ያየውን ብቻ ስለሆነ ባዶውን ማሳ ሣለ። በግማሽ የቀረ ትልም፣ የተጣለ ሞፈር፣ ሰው የሌለበት ሜዳ። ማንጎራጎሩንም ተወ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየዋለሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ግን ከእሱ ፊት ተነስቼ በቀጥታ ወደ ቅዳሴ እሄድ ነበር።

አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሰሞን፣ ባዶ ማሳዎቹን ጠቅልሎ ሄደ። ያ ጋዜጣ የሚያወድሰው እንግዲህ የእኔን በቀል ነው። እሱን ላጠፋ ብዬ ስሙን አስጠራሁለት፤ ይህም ሲያንገበግበኝ ሰነበተ።

የልጅ ልጄ ለደብዳቤው መልስ ጽፋ ነበርና፣ ባለፈው ወር ከሚስተር ቶርንቢ የወንድም ልጅ ሌላ መልእክት በስልኳ መጣ። የአጎቷን ቤት ስታጸዳ፣ አገሩ ከገባ ጀምሮ ለማንም ያላሳየውን አንድ ሥዕል አገኘች። ሁለት በሬና አንድ አራሽ ነው ትላለች። በሸራው ጀርባ በትልልቁ የተጻፈው በእናንተ ፊደል ይመስላልና ምን እንደሚል ንገረኝ ብላ ፎቶግራፉን ልካለች። የልጅ ልጄ አጉልታ አሳየችኝ። ገና ሳላነበው የማን እጅ እንደሆነ ዐወቅሁ፤ «ረ»ዎቹ ተገልብጠዋል።

«ደምሴን በገብርኤል ያሳረስኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ለእድሩ አንብብላቸው።» ከሥሩ ቀኑ አለ። ወንድሜ የተቀበረ ማግሥት ነው።

ደሜ ፈላ። ፈሪ! ሰው ፊት መናገር አቅቶት ከሸራ ጀርባ ጽፎ ደበቀው፤ ይዞት አገሩ ገባና ተኛበት። ይህች አንዲት መስመር ያኔ በባላምባራስ እጅ ብትገባ የወንድሜ ስም ይነጻ ነበር፣ ሚስቱም ልጇን አንጠልጥላ ከሰፈሩ አትሰደድም ነበር። ዛሬ ባላምባራስ የሉም፤ ያ እድር የለም፤ ማሳው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የቀረኝ ምስክር አንድ ነው። ስልኩን ከልጅ ልጄ ተውሼ ጋሽ ከድር ቤት ሄድኩ።

ጋሽ ከድር ከአልጋ አይወርዱም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። አጠገባቸው ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ይኸው እንግዲህ!» አልኳቸው። «ጽፎ ደብቆት ኖሯል። አዩለት አይደል ፈሪነቱን?»

ጋሽ ከድር ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«መቼ ደበቀው?» አሉኝ። «ለቅሶ የመጣ ለት ሸራውን ደረቱ ላይ ለጥፎት አልነበረም? ጀርባው ወደኛ ነበር። ጽሕፈቱን እኔም አይቸዋለሁ።»

«አይተውታል? ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አሉኝ?»

«ወላሂ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አስተማሪው አንተ ነህ። እስከ ዛሬ ድረስ አንብበኸው ነው ያባረርከው ብዬ ነበር።»